ስማቸው ያልተጻፈ የጦርነት ሠዓሊዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ አይሮፕላንን በጦርነት ሥዕል ውስጥ ስላስገቡት፣ ነገር ግን ስማቸው ስላልታወቀው ሠዓሊዎቻችን ነው።

የዐድዋን ጦርነት ሥዕል ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ይታያል፤ ከታች ሁለቱ ጦር ይፋለማሉ። የወገን ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ጠላት ግን በጎኑ ሆኖ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህም ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ልማድ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ግን አዲስ ነገር መጣ። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመታ። በዚያው ጦርነት ከሰማይ የሚያቃጥል መርዝ ዘነበ፤ መጋቢት 22 ቀንም የማይጨው ጦርነት ሆነ። እንግዲህ ከመምህሩ መልአክና ፈረስ መሣልን የተማረው ሠዓሊ አይሮፕላንን ከማን ይማር? ዓይኑ ካየው፣ ጆሮው ከሰማው ሣለው። በዐድዋ ሥዕል ቅዱሱ በቆመበት ሰማይ፣ በዚህኛው ቦምብ የሚጥል አይሮፕላን ገባ።

በሌላ አገር የነበረውን እንመልከት። የእንግሊዝ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠዓሊዎችን ቀጥሮ ወደ ጦር ሠፈር ይልክ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ኤሪክ ራቪሊየስ የባሕር ኃይል አይሮፕላኖችን ሣለ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 በአይስላንድ አጠገብ ከተሳፈረበት አይሮፕላን ጋር ጠፍቶ ቀረ። ሰውየው ቢሞትም ሥዕሎቹ ከነስሙ በቤተ መዘክር ተጠብቀዋል። ከእኛ ግን እንደ በላቸው ይመር ያሉ ጥቂቶች ሲታወቁ፣ የብዙዎቹ ስም ጠፍቷል።

ይህ ነገር ጅማንም ይመለከታል። ከተማችን እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. በጠላት እጅ ነበረች፤ በዚያም ዓመት የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖች እዚህ የነበረውን የኢጣሊያ አይሮፕላን ማረፊያ ደብድበዋል። ያንን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች እያለቁብን ነው።

የቡና ጆንያ እንኳ ከየት እንደ መጣ ምልክት ይደረግበታል። ያባቶቻችንን መከራ የያዘ ሥዕል ግን ያለ ስም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠቁራል። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ለዕረፍት ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ ስትሄዱ የቆየ የጦርነት ሥዕል ብታገኙ ባለቤቱን ጠይቁ፦ ማን ሣለው? መቼና የት ተገዛ? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከሥዕሉ ጋር አስቀምጡ። ሥዕሉን በውኃ አትጠቡ፤ ቀለምም አትጨምሩበት።

ወላጆቻችንም የምታውቁትን ንገሩን። ዛሬ ያልተጠየቀ ስም ነገ የሚያስታውሰው አይገኝም።