የዓይን ምስል ምን ይጠቅመናል?
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንደሚታወቀው ሁሉ ዕድራችን የቆመው ለሞትና ለሐዘን ነው። ነገር ግን አባላችን በሕይወት ሳለ ዓይኑ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት ደግ አይደለም። ስለዚህ የዓይንን ውስጥ በምስል ስለሚያሳዩት መሣሪያዎች ባጭሩ እናገራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሆኖም ነገሩ ከመዝገብ ሥራ ጋር ይገጥማል።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1000 ሰው 16ቱ ያህል ዓይነ ስውር መሆናቸው ታውቋል። ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሣል። ግላኮማ ግን ሌላ ነው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አያምም፣ አያቀላም። መጀመሪያ የሚወስደው የጎን እይታን ስለሆነ ሰውየው ፊት ለፊቱን እያየ «ደኅና ነኝ» ይላል። ከእንጦጦ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን የዳሩን ቦይ ይስታል፣ ከጎን የመጣውን መኪና አያይም። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ማትረፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ሐኪሙ ቀድሞ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1851 ሔልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ በብሌን በኩል ብርሃን ሰዶ የዓይንን ጀርባ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። ነገር ግን ሐኪሙ ያየው በራሱ ዓይን ብቻ ይቀር ነበር። በኋላ የዓይንን ጀርባ ፎቶግራፍ የሚያነሣው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ኦሲቲ የተባለው በአሜሪካ ይፋ ሆነ። ይኼኛው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን እየለካ፣ ሬቲና የሚባለውን ስስ መጋረጃ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ድርብ በድርብ ያሳያል። ሞራው ጠንቶ ብርሃን አላሳልፍ ሲል ለነፍሰ ጡር እንደሚደረገው ያለ አልትራሳውንድ አለ። ሁለቱም እንደ ራጅ ጨረር የላቸውም።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የዘንድሮው ካምናው ጋር ሲተያይ ነው ጉድለቱ የሚወጣው። የዓይን ምስልም እንደዚሁ ነው። ነርቩ ካምና ይልቅ ሳስቶ እንደሆነ የሚታወቀው የቀድሞው ምስል ሲገኝ ነው። ስለዚህ ካርዳችሁንና የተሰጣችሁን ምስል ከዕድር ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡ፤ በቀጠሮም ይዛችሁ ሂዱ።

በተለይ ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ፣ በቤተ ዘመድ ግላኮማ ያለባችሁ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመምተኞች፣ ብናይም ደኅና ነን አትበሉ። ስኳር የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲያበላሽ ምስሉ ቀድሞ ያሳያል። ቦታው ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞች የሚያሠለጥንበት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚሁ የካ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ ይወስናል። እንጦጦ ወጥቶ ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን ጠብታ ግን አያቋርጥ።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለምርመራ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግ ዓይን ለጥቂት ሰዓት ይደበዝዛል። ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚቀሩት አድራሽ መላሽ አጥተው ነው። ዕድራችን በየተራ አንድ አንድ ወጣት ቢመድብ ከካዝና ምንም አይወጣም። ሬሳ ተሸክመን የምንሸኝ ሰዎች፣ በእግሩ የሚሄደውን እጁን ይዘን ብናደርሰው ምን ይከብደናል?

ጉባኤው ይወያይበት።