የጓሮ ጎተራ ወለል
(በሐይቅ እስጢፋኖስና በአምባሰል ለሚኖሩ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጎተራ፣ ይልቁንም ስለ ወለሉ ነው፡፡ ጎተራ ሲሠራ ሁላችንም የምንጨነቀው ለክዳኑ ነው፤ ዝናብ ከላይ ነዋ የሚመጣው! ነገር ግን እርጥበት ከመሬትም ወደ ላይ ይወጣል፤ አይጥም ከታች ቆፍሮ ይገባል፡፡

«ይህ ደግሞ የጤና ነገር ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል፡፡ አዎን፣ ነው፡፡ እርጥበት ያገኘው ማሽላና በቆሎ ይሻግታል፡፡ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፡፡ ይህ መርዝ ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም፡፡ ስለዚህ «ለልጆች ቂጣ ይሆናል» ብላችሁ የሻገተውን አታስፈጩ፡፡ አይጥም በልቶ ብቻ አይሄድም፤ ሽንቱና ዓይነ ምድሩ እህሉን ይበክላል፤ ቁንጫው ደግሞ አንድ ዓይነት ተስቦ ወደ ሰው ያስተላልፋል፡፡

ወለሉ እንዲህ ይሠራል፡፡

1ኛ/ ቦታው ውሃ የማያቁር፣ ከመጸዳጃና ከበረት የራቀ ይሁን፡፡ አጥርና ዛፍ አይጠጋው፤ አይጥ ከዚያ ይዘላልና፡፡

2ኛ/ እግሮቹ ከተገኘ ከወይራ ወይም ከጥድ ይሁኑ፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውም፡፡ በአፈር ከሚቀበሩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው እርስ በርሳቸው በደንብ ይታሰሩ፡፡

3ኛ/ ወለሉ ከመሬት ሁለት ክንድ፣ ማለት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፡፡

4ኛ/ በየእግሩ ላይ፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ እንደ ተደፋ ሳህን ያለ መከላከያ ይግባ፡፡ አይጥ እግሩን ይዞ ሲወጣ እዚያ ላይ ይመለሳል፡፡

5ኛ/ በእግሮቹ ላይ ወፍራም አግዳሚ ይጋደም፤ በዚያ ላይ ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት ጥቅጥቅ ተደርጎ ይረብረብ፤ ከዚያ ከጤፍ ጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግ፡፡ ሲደርቅ ከተሰነጠቀ እንደገና ይመረግ፡፡

ጭቃው ፈጽሞ ሳይደርቅ እህል አይግባበት፡፡ እህሉም ይድረቅ፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ይበል፡፡ መሰላሉን በጎተራው ላይ አስደግፋችሁ አታሳድሩት፤ ለአይጥ መንገድ መስጠት ነው፡፡ ዲዲቲ ወይም ሌላ የተባይ መድኃኒት በሚበላ እህል ላይ መነስነስ ግን ቤተ ሰብን መመረዝ ነውና ፈጽሞ አይደረግ፡፡

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ ታላላቆቻችን አይረሱትም፡፡ የዝናቡ ነገር በእጃችን አይደለም፤ ጎተራ የገባውን እህል ከአይጥና ከሻጋታ ማዳን ግን በእጃችን ነው፡፡ ስለዚህ አዝመራው ሳይገባ፣ በጥቅምት ፀሐይ፣ አባቶች እንጨቱን አዘጋጁ፤ ጎረቤትም በደቦ ይሰብሰብ፡፡ እናቶች ሆይ፤ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሳችሁ መድረቁን ሳታረጋግጡ አንድ ቁና እንኳ አታስገቡ፡፡

ፈጣሪ አዝመራችሁን ይባርክ፡፡