ዋጋው ስንት ነው ሲባል



በእስራኤሏ ክርያት ጋት ከተማ፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የሚታወቅ ነገር አለ። አንዲት ባለሙያ ለሠርግ ሁለት መቶ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሌሊቱን ከምጣዱ አጠገብ ታነጋለች። ጠዋት ባለሠርጉ መጥቶ «ስንት ልክፈል?» ሲላት ዐይኗን ትሰብራለች። «ኧረ ደስ ያላችሁን» ትላለች። የጤፉን፣ የመብራቱንና ያልተኛችበትን ሌሊት ዋጋ የሚያሰላላት የለም። እሷ አነሰኝ ብላ፣ እሱ አብዝቼ ይሆን ብሎ፣ ሁለቱም ሳይረኩ ይለያያሉ።

ይህ ይሉኝታ ይባላል። ሥሩ ግን ከጨዋነት ብቻ አልበቀለም።

የጎንደርና የአካባቢው ቤተ እስራኤላውያን ርስት ተነፍገው ስለኖሩ ብዙዎቹ ያደሩት በእጅ ሙያ ነው። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። የገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ የእመቤቲቱ ምጣድና እንስራ ከእነሱ እጅ ይወጣ ነበር። ዕቃውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሠሪውን ግን «ቡዳ» ብሎ ይሸሸዋል። እንዲህ ባለ አገር «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት መዘዝ ነበረው። ያኔ ዝምታ ጋሻ ሆነ፤ ጋሻውም ከእናት ወደ ልጅ ወረደ።

እነዚያው እናቶች ግን መሸጥም ያውቁ ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ትንንሽ ምስሎቻቸውን መንገደኛ በሚያልፍበት ደርድረው ይሸጡ ነበር። ጓዳ የተቀመጠ ሸክላ ገዢ እንደማያገኝ ማንም አላስተማራቸውም። ዝምታን ያመሰገኑ አባቶችም ቢሆኑ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል።

ሥራን ማሳየት ለትልቅ ኩባንያም ይጠቅማል። እዚሁ ክርያት ጋት ውስጥ ያለው የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ የኢንቴል ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቺፕ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚገዛው ሰው ዐይቶት አያውቅም። ኩባንያው ግን በ1991 «ኢንቴል ኢንሳይድ»፣ ማለትም «ውስጡ ኢንቴል ነው» የሚል ትንሽ ምልክት ከኮምፒውተሮች ፊት እንዲለጠፍ ማድረግ ጀመረ። የማይታየው ዕቃ በዓለም ታወቀ።

1991 የዘመቻ ሰሎሞንም ዓመት ነው። በግንቦት ወር፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ከእነሱ መካከል ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በእነሱ እጅ ላይ ግን ማንም ምልክት አልለጠፈም።

ምልክቱን ራሷ የለጠፈች ሴት አለች። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2005 አዲስ አበባ ውስጥ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት መሠረተች። ያደገችበት ዘነበወርቅ ከሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ የተነሳ ሰው የሚሸሸው ሠፈር ነበር። እሷ ሠፈሯን አልደበቀችም፤ የሠፈሯን ባለሙያዎች ይዛ፣ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ጫማ ስም ሰጥታ ለውጭ ገበያ አቀረበች። ጎማው ያው ጎማ ነው፤ የተጨመረው የሠሪው ስምና ታሪክ ነው።

ዛሬ የምስክር ወረቀት የሚቀበሉት ተመራቂዎች በሥራቸው ላይ ስማቸውን ለማኖር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። በእስራኤል ዖሴክ ፓቱር፣ ማለትም ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የሆነች አነስተኛ ነጋዴ፣ ሆና የተመዘገበች ባለሙያ፣ የዓመት ገቢዋ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ፣ ከደንበኛዋ የተጨማሪ እሴት ታክስ አትሰበስብም። በትንሹ መጀመር ይቻላል ማለት ነው። የሚከብደው አፍ መክፈቱ ነው። ሙያዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትናገር፤ ከዚህ በፊት የሠራችውን አንድ ሥራ ታሳይ፤ ከዚያ ዋጋውን በሼቄል ትጥራና ዝም ትበል። ከቁጥሩ በኋላ «ግን ከበዛባችሁ…» ብላ አትጨምር። ዋጋውን የነገረችው ደንበኛ አልተሰደበም፤ የሚወስነው ነገር አገኘ።

ከአዳራሹ ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለእንግዶች ድፎ ዳቦ ተቆርጧል። የጋገረችው ከተመራቂዎቹ አንዷ ናት፤ ከትሪው አጠገብ ግን ስሟ የለም። እንግዶቹ ሳይበተኑ ስሟን፣ ስልኳንና የአንዱን ድፎ ዋጋ በወረቀት ጽፋ እዚያው ታስቀምጥ። «ማን ጋገረው?» ብሎ የሚጠይቅ የመጀመሪያው ሰውም መልሱን ከራሷ አፍ ይስማ።