መብራት ሲጠፋ ከሁሉ ይበልጥ የሚናፍቀን ምንድን ነው?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፣



ለዛሬው ንግግር የተሰጠን ርእስ «ያለ ኤሌክትሪክ ብንኖር ከሁሉ ይበልጥ የሚናፍቀን ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በየቤታችን ሲነሣ እናቶች የእንጀራ ምጣዳቸውን፣ ልጆች ቴሌቪዥንና ኢንተርኔቱን፣ ሌሎቻችን ደግሞ ማቀዝቀዣውንና ማሞቂያውን እንጠራለን። መብራቱን የሚያስቀድም ግን ጥቂት ነው።

ይህም አያስደንቅም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ያደግነው በኩራዝና በፋኖስ ነው። ከተማ ያደግነውም ብንሆን «መብራት ሄደ» ሲባል ሻማና ክብሪቱ ያለበትን ቦታ በጨለማ ዳብሰን እናገኝ ነበር። ዛሬም ቢሆን በአገራችን ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ኤሌክትሪክ አያገኝም። ስለዚህ እኛ ያለ መብራት መኖርን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም።

ነገር ግን ያን ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ያኖረን ኩራዙ ብቻ አልነበረም። ክብሪት ያለቀባት እናት ልጇን «ሂጂ፣ ከነእትዬ ቤት እሳት ጭረሽ ነይ» ብላ ትልክ ነበር። ከአንድ ቤት ጠዋት ጭስ ሳይታይ ከረፈደ «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ የሚያንኳኳ ጎረቤት ነበር። የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርስ የሰፈር ሰው ነበር።

ዛሬ በምንኖርበት አገር ይህን ሁሉ የሚሠራልን ኤሌክትሪክ ነው። የምንጠያየቀው በስልክ ነው። አሮጊት እናታችንን ወደ 10ኛ ፎቅ የሚያወጣቸው አሳንሰር ነው። የስኳር በሽተኛው መድኃኒት የሚቀመጠው በማቀዝቀዣ ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ወገናችን አየር የሚያገኘውም ግድግዳው ላይ ከተሰካ መሣሪያ ነው። ከአጠገባችን ያለውን በር ግን አንኳኩተን የማናውቅ ብዙዎች ነን። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የሚቋረጠው መብራት ብቻ ሳይሆን፣ በጎረቤት ፈንታ የተካነው ነገር ሁሉ ነው።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 በዋሽንግተንና አካባቢዋ ሙቀቱ 104 ዲግሪ ፋራናይት በደረሰበት ዕለት፣ ማታ ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ በአካባቢያችን ብቻ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ አጡ። ለአንዳንዶች እስኪመለስ አንድ ሳምንት ያህል ፈጀ። በሰሜን ቨርጂንያ አንዳንድ ካውንቲዎች ለአደጋ ጊዜ የሚደወልበት የ911 ስልክ እንኳ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ማኅበራችን ገና አልተመሠረተም፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ታሞ እንደተኛ የሚያውቅ አንድ መዝገብ አልነበረንም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቴክሳስ በብርቱ ቅዝቃዜ መካከል ከ4.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ ተቋረጠባቸው። ክፍለ ግዛቱ ባወጣው ዘገባ መሠረት 246 ሰዎች ሞተዋል፤ የሚበዙትም የሞቱት በብርድ ነው። ለመሞቅ ብለው ቤት ውስጥ እሳት በማንደዳቸው ወይም በተዘጋ ጋራዥ መኪና በማስነሣታቸው በጋዝ ታፍነው የሞቱም አሉ።

እዚህ ላይ አደራ የምንለው ነገር አለ። እኛ ከሰል የምናውቅ፣ ቡና በከሰል የምናፈላ ሕዝብ ነን። አገር ቤት ያደግንበት ቤት ግን በበሩና በጣራው ክፍተት አየር ይገባው ነበር። የዚህ አገር ቤት ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ተጠቅጥቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ከሰሉ የሚያወጣው መርዝ መውጫ የለውም። መርዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ከሰል፣ የጓሮ ሥጋ መጥበሻም ሆነ ጄኔሬተር ፈጽሞ ወደ ቤትና ወደ ጋራዥ አይግባ።

ከዚህ በተጨማሪ ለሁለተኛው 10 ዓመታችን ሥራ እንዲሆኑ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ ያሉ፣ በመሣሪያ የሚተነፍሱና ኢንሱሊን የሚወስዱ አባላት በፈቃዳቸው ይመዝገቡ። መዝገቡም በኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዳቸው በእግር ሊደርስላቸው የሚችል አንድ ቤተሰብ ይመደብ። ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሄዶ በራቸውን ማንኳኳት ነው ሥራው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ደረጃ መውጣት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በየቤታችን የእጅ ባትሪ፣ የመጠጥ ውኃና በወረቀት የተጻፈ የስልክ ቁጥር ይኑር። ማቀዝቀዣ ሳይከፈት ከቆየ ምግቡን 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘርም 48 ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ በየደቂቃው መክፈት ግን ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል። ኢንሱሊን የሚወስዱም ማቀዝቀዣው ሲቆም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ክቡራንና ክቡራት፣

ምጣዱም ቴሌቪዥኑም ይናፍቁናል። ያለ እነርሱ ግን ጥቂት ቀን መክረም ይቻላል፤ እንጀራው ቢቀር ዳቦ ይበላል። በጨለማና በብርድ የተቀመጠ፣ ስልኩም የሞተበት ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚናፍቀው በሩን አንኳኩቶ «ደኅና ነዎት ወይ?» የሚለውን ሰው ነው። አባቶቻችን «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ያሉትም ለዚህ ነው። ማኅበር ያቋቋምነውም ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ እንዳልሆነ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት የመመዝገቢያው ወረቀት በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ለራሳችሁ ባትመዘገቡ እንኳ የአንድ የምታውቋቸውን አረጋዊ ፈቃድ ጠይቃችሁ ስማቸውን አስመዝግቡ።

መልካም በዓል ያድርግልን።