ጧፍና ሕፃናት



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ብዙ ጧፍ በርቷል። አንዱ ጧፍ ግን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤት ቢሄድ ታላቅ መምህር ይሆናል።

ሳይንስን ለሕፃን ማስተማር ብዙ ገንዘብና ብዙ መሣሪያ የሚሻ ይመስላል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓመት መጨረሻ ማይክል ፋራዴይ የተባለው ሊቅ በሎንዶን፥ በሮያል ኢንስቲቲዩሽን አዳራሽ፥ ለልጆች ስድስት ትምህርት ሲሰጥ የትምህርቱ ሁሉ መነሻ አንዲት ሻማ ነበረች። ይህ ሰው የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ በኢትዮጵያ ባለእጅን መናቅ ለረጅም ዘመን ልማድ ሆኖ ነበርና ይህን ማስታወስ አይከፋም። እርሱም በወጣትነቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ደቀ መዝሙር ሆኖ ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ዕውቀትን አገኘ።

ጧፍ ተለኵሶ ጥቂት ከቈየ በኋላ እፍ ተብሎ ይጥፋ። ከፈትሉ ነጭ ጢስ ሲወጣ ሌላ እሳት ወደ ጢሱ ቢያቀርቡ፥ ነበልባሉ በጢሱ ላይ ወርዶ፥ እሳቱ ፈትሉን ሳይነካው፥ ጧፉን መልሶ ያበራዋል። ሕፃኑም ሰም ቀልጦ በፈትሉ እንደሚወጣ፥ ተንኖም እንደሚነድድ በዐይኑ አይቶ ይረዳል።

ሁለተኛው ነገር ግን መምህሩን ራሱን የሚፈትን ነው። ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ የበራ ጧፍ አቁመው ብርጭቆ ሲደፉበት እሳቱ ይጠፋል፥ ውሃውም ወደ ውስጥ ይወጣል። በብዙ ስፍራ «ከአየር አምስተኛው እጅ ኦክሲጅን ነው፤ እሳቱ እርሱን ስለ በላው ውሃው በስፍራው ገባ» እየተባለ ይነገራል። አንዲት ልጅ ተነሥታ «የኔታ፥ ውሃው የወጣው እኮ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው» ብትልስ? «ዝም በይ፥ መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ያላት እንደ ሆነ፥ ያየችውን መካድ አስተማራት፤ ዳግመኛም እጅዋን አታነሣም። «እንግዲያስ ሁለት ጧፍ ጨምሪ» ያላት እንደ ሆነ ግን፥ ብርጭቆው ያው፥ አየሩም ያው ሲሆን፥ ውሃው ከፊተኛው ይልቅ ከፍ ብሎ ታያለች። ልጅቱ እውነት ተናግራለችና። እሳቱ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ሁሉ ሳያልቅ ነው፤ ውሃውን ይበልጡን የሚስበው የሞቀው አየር ሲቀዘቅዝ መጠበቡ ነው።

ውሃም በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ በቃሉ የያዘ ልጅ በአዲስ አበባ ቢለካው 92 ገደማ ያገኛል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ሳይሆን አገሩ ደጋ፥ አየሩም ስስ ስለ ሆነ ነው። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ መሆኑን ቢነግሩት እናቱን ሊጠይቅ ወደ ማድ ቤት ይሮጣል።

ይህ ሥርዓት ለካህናት እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቃል ሳያዛንፍ ይመልሳል፤ ፊደልና ዳዊት ያለዚህ አይጸኑም። በቅኔ ቤት ግን የሌላውን ቅኔ ይዞ የቀረበ ያፍራል፤ የራሱን ቈጥሮ ይቀርባል፥ መምህሩም ያርመዋል። የሳይንስ ትምህርት ዘመድነቱ ከዚህ ከሁለተኛው ቤት ነው።

ጧፉ ሲለኰስ የነጠላው ጫፍ ይሰብሰብ፤ አንድ እንስራ ውሃም በአጠገብ ይቀመጥ።