ቅዳሜም የሕክምና ቀን ይሁን

ስትሮክ የመታው ሰው ዓርብ ከሰዓት በድጋፍ ጥቂት እርምጃ ይራመድና እስከ ሰኞ አልጋ ላይ ይቆያል። ጡንቻ ግን ቅዳሜና እሁድን አያውቅም፤ ካልሠራ ይደክማል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን፣ ተኝተው የተሃድሶ ሕክምና በሚከታተሉ 996 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። የቅዳሜ ፊዚዮቴራፒና ኦኩፔሽናል ቴራፒ የተጨመረላቸው፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የዕለት ተግባራቸውን ራሳቸውን ችለው በመሥራት ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል።

እኛስ? በደከመ ባለሙያ ላይ ቅዳሜን መደረብ አይሆንም። ክፍል የምትመሩ ተራ አውጡ፤ የቅዳሜ ተረኛም በሳምንቱ መሐል ይረፍ። አስታማሚውም በሽተኛውን ከአልጋ ማንሳትና ማስቀመጥ እያየ ይልመድ፤ ቤት ሲገቡ የሚደግፈው እሱ ነዋ!