የበሬው ዱካና መዝገብ ቤት

የዛሬው ቃላችን መዝገብ ቤት ነው። አዎ፣ ያ አቧራ የጠገበው ክፍል!

እስቲ በሬ ጠፋባችሁ እንበል። በቀጥታ ሩቅ ገበያ ትሮጣላችሁ? የለም። ዱካውን ከበረት ደጃፍ ትይዛላችሁ። የዘር ሐረግ ፍለጋም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አያትን ጠይቁ። ከዚያ ሣጥኑን ክፈቱ፤ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ውል አይጠፋም።

ታዲያ መዝገብ ቤት ስትሄዱ አንድ ስም ይዛችሁ አትሂዱ። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። ስለዚህ የአባትን፣ የአያትን፣ የመንደሩንም የቀድሞ ስም ጨምሩ።

በወረዳው መዝገብ ቤት ዱካው ቢጠፋስ? ያኔ አዲስ አበባ፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ።